ዳልቻን ማን ጠመደው?

በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ሰፈር፣ እትዬ በለጠች ቤት ሁለት ሮቦቶች ነበሩ። ሮቦት ስላችሁ እጅና እግር አውጥቶ የሚሄድ ሰው መሰል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰፌድ የሚያክል ክብ ነገር ነው፤ ወለል ለወለል እየተሽከረከረ አቧራውን ይጠባል፣ ከዚያ ያንኑ ወለል በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። ለአንድ ሳሎንና ለሁለት መኝታ ቤት አንዱ ራሱ ከበቂ በላይ ነበር። ሁለት ምን ያደርጋል ብትሉ፣ ነገሩ መቼ የወለል ጉዳይ ሆነና!

እትዬ በለጠች ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ታላቋ፣ ስሟ ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ አንዴ ካለች አለች የሆነች ሴት ናት። ታናሹ ዘመኑ ዱባይ የቤት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ቡሬ አጠገብ ባለው ገጠር በአንድ አጎዛ ላይ ተኝተው ካደጉበት ጊዜ ጀምሮ "እናታችን አብልጣ የምትወደው እኔን ነው" እየተባባሉ ሲናቆሩ የኖሩ ናቸው። አምና ከፋሲካ በኋላ ዘመኑ ጥቁር ግራጫውን ሮቦት በሰው እጅ ላከ። ወር ሳይሞላ ኢትዮጵያ ነጩን አስመጣች። "የሱ እኮ ያረጀ ሞዴል ነው፤ እናቴ ያረጀ ነገር አይገባትም" አለች በስልክ። ዘመኑ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ባልነግራችሁ ይሻላል።

በመካከል ሆና ይህን ሁሉ የምትችለው ወይኒቱ ናት። ወይኒቱ የእትዬ በለጠች የወንድም ልጅ ናት፤ ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ አክስቷን ይዛ ትኖራለች። እትዬ በለጠች ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗል። መብራትና ጨለማ ይለያሉ፤ የቀረውን የዚህን ዓለም ነገር ሁሉ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ጆሯቸው ደግሞ ጉድ ነው! ጎረቤት ሽሮ ሲገነፍል ይሰማሉ። ወይኒቱ ያኮረፈች ቀን ገና ከአረማመዷ አውቀው "ደግሞ ማን ነካሽ?" ይሏታል።

እሑድ እሑድ ሦስቱ በአንድ ስልክ ሲገናኙ ሌላ ወሬ የለም። የማን ሮቦት ይሻላል ነው። "ያንቺ በስንት ጉልበት ይጠባል?" ይላል ዘመኑ። "ካንተ በእጥፍ! ደግሞ የኔ መወልወያውን ራሱ በፍል ውኃ አጥቦ፣ በሞቃት አየር ያደርቃል። ያንተ በቀዝቃዛ ያጥብና ጨርቁ ይገማል" ትላለች ኢትዮጵያ። "የኔ ደረጃ ይወጣል!" "ፎቅ ቤት ነው እንዴ እማ ያለችው?" እንዲህ እየተባባሉ ካርድ ይጨርሳሉ። እትዬ በለጠች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ።

አንድ ቀን ነገሩ ይለይለት ተባለና የጎረቤቱ አቶ አለበል ዳኛ ሆነው ተጠሩ። አቶ አለበል ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህርና የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ ዓይናቸው ይበራል። ሳሎኑ ላይ እፍኝ ጤፍ በተኑ፤ ከደጅ በቀይ ጭቃ ተጨማልቀው ገብተው ሴራሚኩን ረገጡት። ወይኒቱ "በእናትዎ ጋሼ" ብትል ማን ይስማት! ነጩ ጤፉን በአንድ ምልልስ ለቀመው፤ ግራጫው በግድግዳው ሥር መስመር አስቀረ። ጭቃውንም ነጩ አበሰው፤ ግራጫው ሁለቴ መመላለስ ነበረበት። ግራጫው ግን የመኝታ ቤቱን ከፍ ያለ ደፍ ደረቱን ቀና አድርጎ ሲያልፍ ነጩ ደፉን እየገጨ ቆሞ አለቀሰ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግራጫው ካቆመበት ቀጠለ፤ ነጩ የጠረገውን ሁሉ ረስቶ ከሀ ጀመረ። በመጨረሻ ነጩ የእትዬ በለጠችን የነጠላ ዘርፍ ጎትቶ ዋጠ፤ በመቀስ ነው ያስለቀቁት።

"ነጩ በጽዳት ይበልጣል፤ ግራጫው በአስተሳሰብ" አሉ አቶ አለበል፣ ውጤት እንደሚሰጥ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው።

እትዬ በለጠች ግን የራሳቸው ሚዛን ነበራቸው። ባላቸው አቶ አብተው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የታወቁ አራሽ ነበሩ፤ እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርሻ ዳር ቁጭ ብለው በሬ ሲገመግሙ ኖረዋል። ሮቦቶቹንም እንደዚያው ነው የገመገሟቸው። ነጩን ነጮ፣ ግራጫውን ዳልቻ አሏቸው። ውኃና መብራት የሚያገኙበትን፣ ሥራ ሲያበቁ ተመልሰው የሚገቡበትን ሳጥን ደግሞ ጋጣ አሉት።

"ነጮ ጉልበት አለው" አሉ። "ትልሙም ቀጥ ያለ ነው፣ እሰማዋለሁ። ማዞሪያው ላይ ግን ይደናበራል። ዳልቻ ቀስ ይላል እንጂ አመለ ሸጋ ነው። ደግሞ ዳልቻ በዓል ያከብራል።"

ይህን የበዓል ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ የምታለቅሱት በሱ ነው። ሮቦቶቹ በመጡ ሰሞን እትዬ በለጠች ልጆቻቸውን አስጠሩና "በሬ በሰንበት አይጠመድም። ይሄም ቢሆን ሥራ ነው፤ በቤቴ በሰንበትና በማርያም ሥራ አይሠራም" አሉ። ኢትዮጵያ ሳቀች። "እማ፣ ማሽን ምን ሃይማኖት አለው?" ብላ የነጮን ሰዓት እንደሞላችው ተወችው፤ ነጮም ሳምንቱን ሙሉ እሑድ ሳይል ቅዳሜ ሳይል ይነሣ ጀመር። እትዬ በለጠች ተቆጥተው ወደ እንግዳ ማረፊያው ክፍል አስገቡትና ወይኒቱ ሶኬቱን ነቀለችው። ዘመኑ ግን "እሺ እምዬ" አለ። እሺ ብሎም አልቀረም። ዱባይ በምትገኝ የኪራይ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ሰቀለ። ሁለቱን ሰንበት፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔ ዓለምን አንድ ቀን ስቶ አያውቅም።

ዳልቻን ሰዓት ሞልቶ አይተወውም። በየጠዋቱ በገዛ እጁ ነው የሚያስነሣው፤ ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ሲነካ፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ዳልቻ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብሎ ከጋጣው ይወጣል። አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በፊት፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሲል። እትዬ በለጠች አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። "ዛሬ አረፈደ፤ መኪናው ሞልቶበት ነው" ይላሉ። ዳልቻ ደፉን ተሻግሮ አልጋቸው ሥር ሲገባ "እንኳን አደርህ ልጄ" ይሉታል። ወይኒቱ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስትሰማ ሳቋ ይመጣባት ነበር። ኋላ ለመደችው፤ እንዲያውም እሷም ከማጀት ሆና "ዘመኑ ተነሣ" ማለት ጀመረች።

ጥቅምት ዐሥር ቀን፣ እሑድ፣ ወይኒቱ ሌሊት ሻይ ስለፈሰሰበት ግድ ሆኖ ያጠበችውን አንሶላ ደጅ ስታሰጣ ስልኳ ጮኸ። ኢትዮጵያ ናት።

"እማ አጠገብሽ ናት?"

"ውስጥ ናቸው። ምነው ድምፅሽ?"

"ወደ በሩ ውጪ። ራቅ በይ።" ወይኒቱ ራቅ አለች። "ትናንት ማታ ዘመኑን መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ሞተ፣ ወይኒቱ። ወንድሜ ሞተ።"

ወይኒቱ እጇ ላይ የነበረውን የእርጥብ አንሶላ ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። መጮህ አትችልማ! ያ ጆሮ አለ። አንሶላውን ነክሳ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች፤ እንባዋ ሳይሆን የሳሙናው ውኃ ነው በአገጯ የወረደው። እሷና ዘመኑ በአንድ ገበታ የበሉ፣ አንድ ትምህርት ቤት በእግር የተመላለሱ ልጆች ነበሩ። እንባዋ የመጣው በማግስቱ ነው።

ኢትዮጵያ ያለቀሰችውን አልቅሳ ስትጨርስ ድምፅዋ ጠነከረ። "ሬሳው ሳይመጣ፣ እኔ ሳልመጣ፣ አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል። የዛን ጊዜውን ታውቂዋለሽ።" ወይኒቱ ታውቀዋለች። ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ ዘመኑ ሳይደውል በቆየበት ጊዜ እትዬ በለጠች ደም ግፊታቸው አሻቅቦ ወድቀዋል፤ የግራ እጃቸው እስከ ዛሬ በደንብ አይጨብጥም። ሐኪሙም ድንጋጤ አደራ ብሏል። መርዶ ደግሞ በኛ አገር እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ይመጣል፣ ደጋፊ ሰው በግራና በቀኝ ይቆማል፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር። ሰው ብቻውን አይረዳም።

"ነገ ጠዋት ግን ዳልቻ ካልተነሣ ታውቃለች" አለች ወይኒቱ።

"አስቤበታለሁ።" ዘመኑ የሮቦቱን አፕ ለእህቱም ከፍቶላት ነበር፤ 'የኔን ሥራ እያየሽ ቅኚ' ብሎ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። "ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ እንዲነሣ ሞልቼዋለሁ። ኔትወርክ ቢጠፋም ራሱ ይነሣል። ሁለቱን ሰንበት አውጥቼዋለሁ።"

"ሚካኤልስ? ማክሰኞ እኮ ሚካኤል ነው።"

"ሰኞ ማክሰኞ እንጂ ሚካኤል የሚል ነገር የለውም ይሄ። በዓል ሲሆን ከዋዜማው ማታ አንቺ አጥፊው። ክዳኑን ስታነሺው ቁልፍ አለ።"

እንዲህ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ዳልቻ ተነሣ። እትዬ በለጠች "እንኳን አደርህ ልጄ" አሉ። ወይኒቱ ማጀት ውስጥ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ።

"ምን ነካሽ?"

"አዳለጠኝ እትዬ።"

"ዳልቻ ስባሪውን እንዳይውጠው ቶሎ አንሺው" አሉ።

ማክሰኞ፣ በሚካኤል፣ ዳልቻ ጠፍቶ ዋለ። "አየሽ? አይረሳም" አሉ እትዬ በለጠች፣ ፊታቸው በርቶ። ወይኒቱ ይህን ደስታ እያየች መኖር ከሞት የከፋ መሰላት። በልባቸው ልጃቸውን ሲያመሰግኑ፣ በሷ ልብ ውስጥ ያ ልጅ ዱባይ ሬሳ ቤት ተኝቶ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቀመጥም፤ ሌላ ይጠራል። ሐሙስ ዕለት እትዬ በለጠች እንዲህ አሉ፤ "ዘመኑ ምን ሆኖ ነው ሰዓት እንዲህ የሚያከብረው? እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሆነ እኮ፤ አንድ ሰዓት ሲል አንድ ሰዓት ነው።"

ወይኒቱ ሐሳቧን ሳትሰበስብ "ሹመት አግኝቷል መሰለኝ። አሁን አለቃ ነው፤ በሰዓት ነው የሚገባው" አለች።

አይ ወይኒቱ! ምነው ምላስሽን በቆረጠው። እትዬ በለጠች ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ የማይጨብጠው ግራ እጃቸው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ። ከሰዓት በኋላ አቶ አለበል ሲመጡ "ልጄ አለቃ ሆነ እኮ!" አሏቸው። አቶ አለበል ነገሩን ከሰሙ አራት ቀን ሆኗቸዋል። "እንኳን ደስ ያለዎት" ብለው ተነሥተው ወጡ፤ አጥሩ ጥግ ቆመው ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ሲነፋረቁ ወይኒቱ በመስኮት አየቻቸው።

እሑድ ዘመኑ የሚደውልበት ቀን ነው። አልደወለም። "ስልኩ ተበላሽቶ ጥገና ሰጥቶታል አሉ" አለች ወይኒቱ።

"ታዲያ ዳልቻን በምን ያስነሣዋል?"

"በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ነው እትዬ።"

"ኮምፒውተር ድምፅ አያመጣም እንዴ?"

"ያ አያመጣም።"

እትዬ በለጠች ፊታቸውን ወደ ጋጣው መለሱ። ወይኒቱ ያመኗት ይሁን፣ ማመን ፈልገው ይሁን፣ ከዚያ ፊት ላይ ማንበብ አቃታት። ኢትዮጵያ በየቀኑ እየደወለች "ምን አለች? ምን ትላለች?" ትላለች፤ ወይኒቱም "ደኅና ናቸው" ትላለች። ገብርኤልም አለፈ፤ በዋዜማው ክዳኑን አንሥታ ቁልፉን ተጫነችው። ሁለት በዓል አለፈ፤ ቀጥላ ማርያም ናት።

ረቡዕ፣ ሃያ ቀን፣ ማምሻውን ኢትዮጵያ ደወለች። ወረቀቱ አልቋል። ሬሳው ነገ ባሕር ዳር ይገባል፤ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድም ተከፍቷል። ዓርብ ጎህ ሲቀድ መርዶው ይነገር፣ ቀትር ላይ ቀብር ይሁን። ወይኒቱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሬት አልነካችም። ለአቶ አለበል ድንኳኑን ነገረች፤ ለእድሩ ወንበሩን ነገረች፤ ገጠር ላሉት ዘመዶች ሰው ላከች፤ ይህን ሁሉ ያደረገችው ደግሞ በሹክሹክታ፣ አጥር ለአጥር እየዞረች ነው። ደክሟት ወድቃ ተኛች። ቁልፉን ረሳችው።

በማግስቱ ሐሙስ ማርያም ናት። ወይኒቱ ገና ሳይነጋ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትወጣ የእትዬ በለጠች የንስሐ አባት አባ ገብረ ሕይወት በዋርካው ሥር ጠበቋት። ማን በየት በኩል እንደሚቆም፣ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ማን እንደሚይዝ ቀስ ብለው አስረዷት።

"ዛሬውኑ ብንነግራት ደግ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ግን ማርያም ናት። እሷ ደግሞ የማርያም ነገር አይሆንላትም፤ ያንን መጥረጊያዋን እንኳ አታሠራም ይላሉ።"

ወይኒቱ ክው አለች። "ስንት ሰዓት ነው አባ?"

"አንድ ሊሆን ነው።"

መስቀል ሳትሳለም ሮጠች። በበዓል ቀን ባጃጅ ከየት ይገኛል! ጫማዋ ሲያደናቅፋት አውልቃ ያዘችው። 'እመቤቴ፣ መብራት አጥፊልኝ፤ እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ' እያለች ዳገቱን ወጣች። በሕይወቷ መብራት እንዲጠፋ ስትጸልይ የመጀመሪያዋ ነው። ግቢው ስትደርስ ድምፁን ሰማችው። ዳልቻ ሳሎኑን እያረሰ ነው።

እትዬ በለጠች እንደወትሯቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዳልቻ ደፉን ተሻግሮ አልጋው ሥር ገባ፤ ተመልሶም ወጣ። እሳቸው ምንም አላሉትም።

"ወይኒቱ ነሽ? በባዶ እግርሽ ነው የሮጥሽው?"

"ብርድ ስለሆነ ነው እትዬ።"

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

ወይኒቱ ጫማዋን መሬት አስቀመጠች። "ሃያ አንድ።"

"ማርያም ናት አይደል?"

"አዎ እትዬ።"

"ታዲያ ዳልቻን ማን ጠመደው?"

"ዘመኑ... ሥራ በዝቶበት ረስቶ ይሆናል እኮ። አለቃ ሲሆኑ..."

"ዘመኑ ማርያምን ይረሳል?" ድምፃቸው አልጨመረም። "በማርያም ቀን ነው የወለድሁት። ዐሥር ዓመት በረሃ ሲኖር አንድ ማርያም ስቶ አያውቅም። እጁ ቢቆረጥ በጥርሱ ያስታውሳታል። ነይ ወዲህ።" ወይኒቱ ሄደች፤ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እትዬ በለጠች በቀኝ እጃቸው ፊቷን ዳሰሱት፤ ጣታቸው እርጥብ ሆኖ ተመለሰ። "ልጄ ሞቷል?"

ወይኒቱ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ደፋች፤ እሱ ራሱ መልስ ነበር።

ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ ብላ ጠበቀች። እትዬ በለጠች ግን አልጮኹም። የነጠላቸውን ጫፍ፣ ያንን በመቀስ የተቆረጠውን፣ አፋቸው ውስጥ አስገቡትና ነከሱት። ዳልቻ ሳሎኑን ጨርሶ ጋጣው እስኪገባ ድረስ እንደዚያ ቆዩ።

"መቼ?" አሉ።

"ቅዳሜ፣ በጥቅምት ዘጠኝ። መኪና ገጭቶት ነው።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "ዐሥራ ሁለት ቀን" አሉ። "ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እህል ቀመስሁ። ሳቅሁ። አለቃ ሆነ ብዬ ለሰው ነገርሁ። እንኳን አደርህ ስለው የነበረው ማንን ነው፣ ወይኒቱ?"

"የተሞላ ሰዓት ነው እትዬ" አለች ወይኒቱ። "ኢትዮጵያ ናት የሞላችው። ለእርስዎ ብላ ነው፤ ብቻዎን እንዳይረዱ ብላ ነው።"

ከደጅ የቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዎች እያወሩ ሲያልፉ ይሰማል። እትዬ በለጠች "ነገ ትመጣለች?" ብለው ጠየቁ።

"ነገ ጎህ ሲቀድ። ከ... ከሱ ጋር።"

"እንግዲያው ስሚኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም።" የወይኒቱን እጅ ጨበጡ፤ ያ የማይጨብጠው ግራ እጃቸው ሳይቀር ጨበጠ። "ልጄ ወንድሟን ቀብራ ስታበቃ፣ እናቴን አንድ መጥረጊያ አረዳት የሚል ጸጸት አይጨመርባት። ይህንን ሁሉ የለፋችው ብቻዬን እንዳልሰማ ነው። ብቻዬን አልሰማሁም። ነገ ይነግሩኛል፤ ነገ አለቅሳለሁ። ዛሬ ደግሞ ማርያም ናት።"

"እትዬ፣ አይችሉትም!"

"ቻልሁት እኮ። አላየሽም?"

ሄዳ ዳልቻን ልታጠፋው ስትነሣ ከለከሏት። "ተዪው፤ ነገ ስትመጣ እንደነበረ ታግኘው። አሁን አንዴ አምጪልኝ።" ወይኒቱ ከጋጣው አንሥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋሉ፤ እህል አልቀመሱም፣ መድኃኒታቸውን ብቻ ዋጡ። ጀርባውን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። "ገና ይሞቃል" አሉ አንዴ። ሲቀዘቅዝ መልሺው አሏት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ መጡ። አባ ገብረ ሕይወት በፊት፣ አቶ አለበል በኋላ፣ ገጠር ያሉት ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ኢትዮጵያ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አድራ ዓይኗ አብጦ ገባች። እትዬ በለጠች ለብሰው ተቀምጠው ነበር። "ምነው በጠዋቱ? ማን ማን ናችሁ?" አሉ። አባ እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመሩ፤ የሰው ልጅ እንግዳ ነው፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ነሣ አሉ። ስሙን ሲጠሩት እትዬ በለጠች ጮኹ። ወይኒቱ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምታ አታውቅም፤ ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ነበርና ቤቱን ነቀነቀው። መሬት ሲወድቁ ኢትዮጵያ ደግፋ ያዘቻቸው። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። በዚያ መካከል ኢትዮጵያ "እማዬ፣ እስከ ዛሬ ደብቄሽ፣ እስከ ዛሬ ባላየ ባልሰማ አቆይቼሽ!" እያለች ደረቷን ስትመታ፣ እትዬ በለጠች ፀጉሯን እየዳበሱ "ደግ አደረግሽ ልጄ፤ ደግ አደረግሽልኝ" አሏት። ወይኒቱ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሰው እየበዛ ሄደ። ሳሎኑ ሞላ፤ ሁሉም መሬት ላይ ነው። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ብሎ ሬሳው ከመኪና እስኪወርድ ሲጠበቅ፣ ጥግ ላይ ያለው ጋጣ ተንኳኳ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተባለ። ልክ አንድ ሰዓት ነበር።

ዳልቻ ወጣ። በለቀስተኞቹ እግር መካከል እየዞረ፣ ማንንም ሳይነካ፣ አዝመራ ላይ እንደሚጠነቀቅ በሬ ቀስ እያለ ወደ መኝታ ቤቱ አቀና። ኢትዮጵያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየው ጀመር፤ የሞላችው እሷ ናት፣ ረስታዋለች። አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ሊያቆሙት ሲነሡ እትዬ በለጠች እጃቸውን ዘረጉ።

"አይምቱት" አሉ። "እሱ ምን ያውቃል።" ከዚያ ፊታቸውን ወይኒቱ ወዳለችበት መለሱ፤ የት እንዳለች በአተነፋፈሷ ያውቃሉ። "ወይኒቱ፣ ፍቺው። ጌታው የለም።"

ወይኒቱ ተነሥታ ሰዎቹን እያለፈች ሄደች። ደፉ ላይ ደረሰችበት፤ ደረቱን ቀና አድርጎ ሊሻገር ሲል ክዳኑን አንሥታ ቁልፉን ተጫነችው።